ባልና ሚስት፣ ሁለት ሐሳብ፣ አንድ መኪና፦ የቤት አውቶሞቢል ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት የታላቅ እህቴ ባል 100,000 ብር ቀብድ ከፍሎ መጣ። ለመኪና። እህቴ የሰማችው ማታ እራት ላይ ነው።

መኪናውን አላየችውም፣ ቀለሙን እንኳን አታውቅም። እሱ ሊያስደስታት ነው ያሰበው፤ ደላላው ደግሞ «ዛሬ ካልያዝከው ነገ አታገኘውም» ብሎታል። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የልጁ ወንበር ከኋላ ይታሰራል?» እሱ አላየም። በቃ፣ የቤቱ አየር ተቀየረ። እኔ፣ መንጃ ፈቃድ እንኳን የሌለኝ ሰው፣ ለሁለት ሳምንት የመኪና ሽማግሌ ሆኜ ከረምኩ።

በነዛ ሁለት ሳምንታት ከጋራዥ ጋራዥ ዞርን፣ እኔም ሕጉን ሳገላብጥ አመሸሁ። ያገኘሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጉትና ለምትገዙበት ጊዜ አቆዩት። አንድ ነገር ላስቀድም፦ የመኪና ዋጋ አልጻፍኩም። ምንዛሬው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ገበያው ስለሚቀያየር ዛሬ የጻፍኩት የሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል።

ቀብዱ ምን ሆነ?

ብዙ ሰው ቀብድ ማለት «ቦታ መያዣ» ይመስለዋል፤ ሐሳቤን ከቀየርኩ ይመለስልኛል ብሎ ያስባል። አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ላይ እንደተቀመጠው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የከፈለው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ሻጭ ውሉን ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሻጩ የተሻለ ገዢ አግኝቶ «ይቅርብኝ» ካላችሁ 100,000 ከፍላችሁ ከሆነ 200,000 መጠየቅ ትችላላችሁ ማለት ነው። ይሄን የሚነግራችሁ ደላላ ካለ አስተዋውቁኝ።

የእህቴ ባል ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል። ሻጩ ሌላ ገዢ ነበረውና በሽምግልና 60,000 መለሰለት። 40,000ው ሄደ። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ «አርባዋ» ትባላለች።

ከዚህ የሚወሰደው ቀላል ነው፦ ሁለታችሁም መኪናው ውስጥ ሳትቀመጡ ቀብድ አትክፈሉ። የግድ ከሆነ ደግሞ «ባለቤቴ አይታ ካልተስማማች፣ ወይም ጋራዥ ታይቶ ችግር ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል መስመር ውሉ ላይ አስጽፉ። ሕጉ ራሱ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል ስምምነቱን መጻፍ መብታችሁ ነው።

እሱ ምን ፈለገ? እሷስ?

ጭቅጭቁ ሲበርድ ሁለቱንም ለየብቻ አስቀምጬ «ያለዚህ አልገዛም የምትሉትን ሦስት ነገር ጻፉ» አልኳቸው። ወረቀቶቹን ሳይ ገረመኝ። የጻፉት መኪናው ላይ ብቻ አልነበረም፣ ስለ ሕይወታቸው ነበር።

የእሱ፦ ነገ ሲሸጥ ብሩን የማይበላ፣ መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ፣ ሐዋሳ እናቱ ጋር ሳያስጨንቅ የሚደርስ። የእሷ፦ ልጁ ከኋላ በደንብ የሚታሰርበት፣ ጉልበቷን የሚያማት እናታችን ሳትጎተት የምትገባበት፣ ወር በወር ለነዳጅ የማያስለቅስ።

እሱ በልጅነቱ አባቱ የሸጡት ፒካፕ ነው ለቤተሰቡ ቤት የሠራው። መኪና ለሱ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው። እሷ ደግሞ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ነው፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ዝናብ ሲጥል ራይድ ስትጠብቅ የሚሰማትን እሷ ናት የምታውቀው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግሩ የሁለቱንም ዝርዝር የሚያሟላ መኪና በነሱ ብር የለም።

ገበያው ራሱ ያጣላል

ከ2012 በፊት ቢሆን ክርክሩ አጭር ነበር፦ ወይ ቪትዝ ወይ ኮሮላ፣ አለቀ። ከዛ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1186/2012 መጣ፤ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ተደረገና ብር ወዲያው ወረደ።

የኤሌክትሪክ መኪና በተቃራኒው ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ ነበር። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ነበር የተወሰነው። ለዚህ ነው መንገዱ በቻይና መኪና የተሞላው።

ስለዚህ ዛሬ «አዲስ አውቶሞቢል» ስትሉ በተግባር ኤሌክትሪክ ማለታችሁ ነው። ቤንዚን ከፈለጋችሁ በአብዛኛው የምትመርጡት ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው። የእህቴ ባል ክርክርም ከዚህ ይነሳል፦ «ቤንዚኑ ካልገባ ያለው ይወደዳል፤ ኤሌክትሪኩ ግን በየዓመቱ የተሻለ ሞዴል ስለሚመጣ ያለው ይረክሳል።» እውነት አለው። ሁለት ዓመት ነድቶ ለሚሸጥ ሰው ቤንዚኑ ሊያዋጣ ይችላል። እሷ የመለሰችለት ደግሞ ይሄን ነው፦ «እኛ ነጋዴ ነን? ልጅ ልናሳድግበት አይደል?»

ሒሳቡ

እዚህ ጋር ስሜቱን ትተን ስልክ አወጣን። ለአንድ ሳምንት የሚሄዱበትን ሁሉ ጻፉ፤ ሥራ፣ ሕፃናት ማቆያ፣ ገበያ፣ ቤተክርስቲያን፣ ዘመድ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። በዓመት ሁለቴ ሐዋሳ አለ።

ቤንዚን የሚጠቀም መለስተኛ አውቶሞቢል በከተማ ጭንቅንቅ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ይጠጣል እንበል። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ ዝቅ አድርገን በ100 ብንይዘው እንኳን 700 ብር ነው። ኤሌክትሪኩ ለዚሁ መንገድ 15 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ10 ብር፣ ሆን ብለን አክብደን፣ ብናስበው 150 ብር። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ በወር ከ6,000 ብር በላይ ነው። ዘይትና የዘይት ፊልትሮም የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ የመብራት ታሪፍ እርከን አለው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። መኪና ቤት ስትቻርጁ የምጣዱም የፍሪጁም ሒሳብ አብሮ ወደ ላይኛው እርከን ሊገባ ይችላል። የራሳችሁን የወር ቢል አውጥታችሁ አስሉት።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ይሄ ችግር የለበትም፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ይሄን ስነግረው የእህቴ ባል መጀመሪያ አላመነኝም። ቀለበት መንገድ ላይ ራሱ ሲነዳው ነው ዝም ያለው።

ሐዋሳ ትደርሳለች ወይ?

እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነበር፤ ምክንያቱም ሐዋሳ እናቱ ናቸው። በዓል ሆኖ አለመድረስ ለሱ የመኪና ጉዳይ አይደለም።

የቻይና መኪኖች ላይ የሚጻፈው ርቀት «ሲኤልቲሲ» በሚባል የቻይና መለኪያ ነው፤ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ቁጥሩ ያብጣል። ለምሳሌ እነሱ ያዩት ቶዮታ ቢዚ3 (ቻይና ውስጥ ከቢዋይዲ ጋር የተሠራ አውቶሞቢል ነው) አነስተኛው ባትሪ ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ወረቀቱ ላይ 517 ኪሎ ሜትር ይላል። በፈጣን መንገድ፣ ሰው ሞልቶ፣ ዕቃ ተጭኖ ከሆነ እኔ ከዚህ ላይ 30 በመቶ ቀንሱ እላለሁ። ወደ 360 ይወርዳል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት፤ ስለዚህ መሄጃው ይደርሳል። መመለሻው ግን ያለ ቻርጅ አይሆንም፣ በዚያ ላይ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል መልሱ ዳገት ነው።

ተራው የግድግዳ ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ በ10 አምፔር ቢጎትት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ሌሊቱን 12 ሰዓት ቢሰካ 26 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የባትሪው ግማሽ። ሁለት ሌሊት ካደሩ ይሞላል። «እናትህ ጋር ስንት ቀን ነው የምናድረው?» አለችው። «ሦስት።» ክርክሩ እዛ ላይ አበቃ። መብራት ከጠፋስ? ይሄ ጥያቄ አሁንም ክፍት ነው፤ እሱም «ያኔ አራተኛ ቀን እናድራለን» ብሎ ስቋል። እሷ አልሳቀችም።

አንድ መኪና ብቻ ኖሯችሁ ሥራችሁ በየሳምንቱ ክፍለ ሀገር የሚያስወጣችሁ ከሆነ ግን ይሄ ሒሳብ ለናንተ አይሠራም። ቤንዚኑን ያዙ።

ገመዱ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይሄን ክፍል ሁለቴ አንብቡት። ሻጮች አይነግሯችሁም።

በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለመንዳት 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚያስፈልገው፤ በተራ ሶኬት 3 ሰዓት። ችግሩ ፍጥነቱ አይደለም። ችግሩ መኪናው መሬት ላይ ነው፣ ቆጣሪያችሁ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮት ገመድ የሚያወርዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት። የምጣድ ኤክስቴንሽን ለሰዓታት 10 አምፔር ሲጎተትበት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ዝናብም አለ። የሚያስፈልገው ለብቻው የተዘረጋ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር እና የሚሠራ ኤርዝ ነው። ለዚህ የነዋሪዎች ኮሚቴ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ሽቦው በማን ግድግዳ ያልፋል ይባላል፣ ጎረቤት «የጋራ መብራት ሊሰርቁ ነው» ይላል። መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ኮሚቴውን አነጋግሩ። በኋላ አይደለም።

የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ አዲስ አበባ ውስጥ እየጨመረ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ፈጣን ጣቢያ ከፍቷል፣ በቴሌብር ይከፈላል። ግን ከመሄዳችሁ በፊት የመኪናችሁን መሰኪያ እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት «ጂቢቲ» የሚባለው መሰኪያ ነው ያላቸው፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ሌላ ነው። ጣቢያው ላይ ያለው የቻርጅ ሽጉጥ ካልገጠመ ፈጣን ይሁን ቀርፋፋ ምንም አያደርግላችሁም።

ከኋላ ወንበር ጀምሩ

የእህቴ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ እኔ አሁን መኪና ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው የኋላውን በር ነው።

በወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መሃል እጃችሁን ስደዱ። ሁለት ጠንካራ የብረት ቀለበት ካገኛችሁ አይሶፊክስ ነው፤ የልጅ ወንበር በቀጥታ ይነክሰዋል። ከሌለ በቀበቶ የሚታሰር የልጅ ወንበር አለ፣ ግን ቀበቶው ራሱ መኖሩን እዩ። ብዙ መኪና ላይ ወንበር ሲለበስ የኋላ ቀበቶዎቹ ከሥር ይቀበራሉ። ስለ ልብስ ካነሳን፦ አንዳንድ መኪና የጎን ኤርባጉ የሚወጣው ከወንበሩ ጎን ነው። በቆዳ ጥቅጥቅ አድርጎ ማልበስ ማለት ኤርባጉን በስፌት ማሰር ማለት ነው። ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቀመጥበት ወንበር ደግሞ ኤርባጉ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አይቀመጥም።

አሮጌ መኪና ከሆነ ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ ከሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ የቆየ ማታለያ ነው።

እናታችንን ይዘናት ሄድን። ደላላው «እማማ እዚህ ጋ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አመጣላት፣ እሷ ግን ቀጥታ መኪናው ውስጥ ገባች። ዝቅ ያለ ነው። ስትወጣ ሁለት እጅ ፈለገች። አውቶሞቢል ጂፕ አይደለም፣ ይሄ የማይቀር ነው፤ ግን ከሞዴል ሞዴል ልዩነት አለው፣ የሚታወቀውም ሰውየው ሲቀመጥበት ብቻ ነው። ዝቅታው ሌላም ጣጣ አለው፦ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከሆዱ ሥር ነው። አምስት ሰው ጭናችሁ በሰፈራችሁ ኮብልስቶንና ፍጥነት መቀነሻ ላይ ሞክሩት። ሻጩ በአስፋልት ብቻ ሊያዞራችሁ ከፈለገ ምክንያት አለው።

በአይን የሚታዩ ሁለት ቁጥሮች

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። «አዲስ ጎማ» ሲሏችሁ ጎንበስ ብላችሁ አንብቡ። ዓመቱ በፈረንጅ ነው።

የቻይና መኪና ከሆነ ሻንሲ ቁጥሩ 17 ምልክት አለው፤ 10ኛዋ ሞዴሉን ትናገራለች። «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025። ከሊብሬውና ከሰውየው አፍ ጋር አመሳክሩ። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ወስዳችሁ የባትሪውን ጤንነት አስነብቡ፤ ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይበቃም። ዋስትና አለው ካሏችሁ «እዚህ ሀገር ማን ነው የሚያስተናግደኝ?» በሉና አድራሻውን ጠይቁ። ቻይና ላለ ገዢ የተሰጠ ዋስትና እዚህ የሚቀበለው ከሌለ ወረቀት ነው።

ሊብሬው በማን ስም ይሁን?

ይሄንን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሁለቱም አፍረው ስላላነሱት ነው። እኔ አነሳሁት።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992፣ ለአዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው፤ ክልሎች የራሳቸው አላቸው) እንደሚለው በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ግን የግል ነው። እህቴ ከማግባቷ በፊት ያጠራቀመችው ብር እዚህ መኪና ውስጥ እየገባ ስለሆነ ምን ያህሉ ከየት እንደመጣ በወረቀት ጽፈው ተፈራረሙ። መጀመሪያ ላይ «ልንፋታ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ማታ ላይ ራሱ አምጥቶ ፈረመ።

ሌላው፦ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም እንዲሁ። ቁጥሩ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ 500 ብር አምስት ሊትር ቤንዚን አይሞላም። ለናንተ እንደ ገዢ ትርጉሙ ይሄ ነው፦ ያገባ ሻጭ የትዳር ጓደኛው ካልፈረመች ወይም ካልፈረመ ውሉ በኋላ ፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ውልና ማስረጃ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። «ሚስቴ ክፍለ ሀገር ናት፣ እኔ ብቻ ልፈርም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሕጋዊ ውክልናዋን ይዞ ይምጣ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማጣሪያውንም ብሩ ከመተላለፉ በፊት እንጂ በኋላ አታምጡት።

እነ እህቴ እስካሁን አልገዙም። ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላይ ተስማምተዋል፤ እሱ በምትኩ ያገኘው በቀላሉ የሚሸጥ ስም ያለው ይሁን የሚለውን ነው፣ እሷ የኋላ ወንበሩን። ቀብድ አልተከፈለም። አሁን የቀረው ሽቦው ነው። የኮሚቴው ስብሰባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት ገመዱ በግድግዳቸው እንዳያልፍ ብለዋል። እህቴ ቡና አፍልታ ልታነጋግራቸው ነው፣ ባሏ ደግሞ ለሳቸውም ቆጣሪ ጋር የሚበራ የውጭ አምፖል አብሮ ሊዘረጋላቸው ቃል ገብቷል።